ክሊክ መጥቶ ደንበኛ ሲጠፋ፦ በሰርች ማስታወቂያ ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጎግል ላይ ማስታወቂያ ሞክሬ ነበር፤ አይሠራም።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አካውንቱን ስንከፍተው ግን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ሠርቷል። ሰው አይቶታል፣ ክሊክ አድርጎታል፣ ገንዘቡም ወጥቷል። የወጣው ግን ለመግዛት ጨርሶ ላላሰበ ሰው ነው።

የሰርች ማስታወቂያ፣ ማለትም ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ ከውጤቱ ጋር የሚወጣው፣ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ስታስተዋውቁ ሰው ሌላ ነገር እያየ ሳለ መሀል ትገባላችሁ። ጎግል ላይ ግን የሚፈልገውን በራሱ ቃል ጽፎ የሚጠራችሁ እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ያንን ቃል ሳያነቡ ገንዘብ ከማፍሰስ የሚመጡ ናቸው።

ኪወርድን ልቅ መተው

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራው።

ኪወርድ ማስታወቂያችሁ እንዲወጣበት የምትመርጡት የፍለጋ ቃል ነው። ሦስት አገባብ አለው። ቃሉን ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁት ብሮድ ማች ይሆናል። ጎግል ከቃሉ ጋር በሐሳብ ይቀራረባል ብሎ ለገመተው ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያችሁን ሊያወጣው ይችላል። የጻፋችሁት ቃል ፍለጋው ውስጥ ባይኖርም እንኳ። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባችሁት ፍሬዝ ማች ነው፤ ፍለጋው የቃላችሁን ትርጉም መያዝ አለበት። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ኤግዛክት ማች ነው፤ ትርጉሙ ወይም ዓላማው ከቃላችሁ ጋር አንድ የሆነ ፍለጋ ብቻ ይገባል። ድሮ ኤግዛክት ማለት ቃል በቃል ነበር። ዛሬ እሱም ላላ ብሏል።

ምንም ካልነካችሁ የምታገኙት ብሮድ ማችን ነው። ሰዉ ደግሞ አይነካም።

አንድ የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ «ፍሪጅ ጥገና» ብሎ ብቻ አስገብቶ ነበር። አካውንቱ ውስጥ ሰዎች በትክክል የጻፉትን የሚያሳይ ሪፖርት አለ፤ ሰርች ተርምስ ይባላል። ሦስት ወር ሙሉ ከፍቶት አያውቅም። ስንከፍተው እንዲህ ይላል፦

«ፍሪጅ ጥገና ስልጠና»
«ፍሪጅ ለምን አይቀዘቅዝም»
«ያገለገለ ፍሪጅ ዋጋ»
«የፍሪጅ ጥገና ሥራ ቅጥር»
«ቤት ድረስ መጥቶ ፍሪጅ የሚጠግን»

አምስት ሰው፣ አምስት ፍላጎት። የመጀመሪያው ነገ ተፎካካሪ ሊሆን የሚፈልግ ነው፤ ክሊኩን የከፈለለት ደግሞ የኛው ባለሙያ! ሁለተኛው ራሱ ሊሞክረው አስቧል፤ ሲያቅተው ይደውል ይሆናል፣ ላይደውልም ይችላል። ሦስተኛው ገበያ ላይ ነው። አራተኛው ሥራ ፈላጊ ነው። ስልክ የሚያነሳው አምስተኛው ነው፤ የበጀቱ ትንሹ የሄደውም ለእሱ ነበር።

መድኃኒቱ ኔጌቲቭ ኪወርድ ነው፤ ማስታወቂያዬ እንዲወጣባቸው አልፈልግም የምትሏቸው ቃላት ዝርዝር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ካምፔኑ (የማስታወቂያ ዘመቻው) ሳይጀመር «ስልጠና»፣ «ቅጥር»፣ «ያገለገለ»፣ «በነጻ» የሚሉትን አስገቡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጎግል መደበኛውን ኪወርድ ወደ ተመሳሳይ ትርጉም ያሰፋላችኋል፤ ኔጌቲቩን ግን አያሰፋውም። «ስልጠና»ን ከከለከላችሁ «ኮርስ» እና «ትምህርት» አሁንም ይገባሉ። እያንዳንዱን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ሪፖርቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ክፈቱት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጥቂት ሰው ብቻ የፈለጋቸውን ቃላት ስለማያሳይ ሙሉው ሥዕል አይታያችሁም። የሚታየው ግን ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ብሮድ ማች ራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ልኬታቸው የተስተካከለና በቂ ሽያጭ የተመዘገበላቸው ሰዎች ይጠቀሙበታል። ለጀማሪ፣ ለዚያውም በትንሽ በጀት፣ አልመክርም።

አለመለካት፣ ከዚያም የባሰው፦ በስህተት መለካት

ኮንቨርዥን የሚባለው የምትፈልጉት ነገር ሲፈጸም ነው። ስልክ ተደወለ፣ ፎርም ተሞላ፣ ዕቃ ተገዛ። ይህን ካላስመዘገባችሁ የምታውቁት ስንት ሰው በር እንዳንኳኳ ብቻ ነው። ማን ገዝቶ እንደወጣ አታውቁም።

ይህንን ሁሉም ይላችኋል። ስለ ሁለተኛው አደጋ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ የተማርኩት ደግሞ በሰው ገንዘብ ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ደንበኛዬ ልኬቱን የገጠምኩት እኔው ነበርኩ። ግዢን የሚቆጥረው ኮድ መቀመጥ የነበረበት ትእዛዝ ከተላከ በኋላ በሚመጣው «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ላይ ብቻ ነው። እኔ ሁሉም ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ዌብሳይቱ የገባ ሁሉ እንደ ገዢ ተቆጠረ። በሳምንቱ ሪፖርቱን ሳይ ልቤ ደስታውን አልቻለውም። ደወልኩለት፤ ቁጥሩንም በኩራት ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ትእዛዙ የት አለ?» አለኝ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ካምፔኑ አውቶማቲክ ቢዲንግ ላይ ነበር፤ ለክሊክ የሚቀርበውን ዋጋ የጎግል ማሽን ራሱ ይወስናል ማለት ነው። ማሽኑ የሚማረው ከምትሰጡት መረጃ ነው። እኔ «የገባ ሁሉ ገዢ ነው» ብዬ አስተማርኩት፤ እሱም ታዛዥ ተማሪ ሆኖ በርካሽ የሚገባውን፣ ምንም የማይገዛውን ሰው እየፈለገ አመጣልኝ።

ስለዚህ ልኬት ስትገጥሙ ራሳችሁ ፈትኑት። ፎርሙን ሞልታችሁ ላኩ፤ አንድ ሆኖ መቆጠሩን እዩ። ገጹን ደግማችሁ ክፈቱት፤ ሁለት ከሆነ ችግር አለ። ፎርም የምትቆጥሩ ከሆነ ለአንድ ክሊክ አንድ ብቻ እንዲቆጠር የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ምረጡ። ለዕቃ ሽያጭ ግን እያንዳንዱ ግዢ ይቆጠር። ከዚያ በወር አንዴ የጎግልን ቁጥር ከራሳችሁ የትእዛዝ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው። ሰፊ ከሆነ ማስታወቂያውን ትታችሁ ልኬቱን አስተካክሉ።

ምርጫዎቹን እንዳገኟቸው መተው

አካውንቱን ስትከፍቱ ብዙ ነገር አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቃችኋል። የተመረጠውም በአብዛኛው ማስታወቂያው በሰፊው እንዲታይ ነው። የተወሰኑትን ልጥቀስ።

ቦታ። ከተማ ስትመርጡ ማስታወቂያው እዚያ ለሚገኙ ሰዎች ብቻ የሚወጣ ይመስላችኋል። መደበኛው ምርጫ ግን ለቦታው ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። ለሆቴል ይህ ግሩም ነው፤ እንግዳው ገና አልመጣምና። ቤት ለቤት እየሄደ ለሚጠግን ሰው ግን ሌላ አህጉር ያለ ሰው ምን ያደርግለታል?

ዲስፕሌይ ኔትወርክ። ሰርች ካምፔን ከፍታችሁ ይህችን ምልክት ካላነሳችሁ፣ ገንዘባችሁ በከፊል በሌሎች ዌብሳይቶችና አፖች ላይ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ያለው ሰው ምንም ሲፈልግ አልነበረም። መሞከር ከፈለጋችሁ ለብቻው ካምፔን ክፈቱለት።

ሪኮመንዴሽን። ጎግል ለአካውንታችሁ ከ100 ውጤት ይሰጣል፤ ምክሩን ስትቀበሉ ውጤቱ ይጨምራል። ውጤቱ የእናንተን ትርፍ አይለካም። ከምክሮቹ ጥሩ አሉ፤ «በጀት ጨምር» የሚልም አለ። አንብባችሁ ወስኑ፤ በራሱ እንዲተገብራቸው ፈቅዳችሁ ከሆነ ደግሞ አጥፉት።

የቀን በጀት። በጀቱ አማካይ ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም። በአንድ ቀን እስከ እጥፉ ሊያወጣ ይችላል። በወር ሲደመር ግን የቀኑን በጀት በ30.4 አባዝታችሁ ከምታገኙት አያልፍም። ማክሰኞ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ካያችሁ አትደንግጡ።

ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መላክ

ሰውየው «የወንድ የቆዳ ጫማ ቁጥር 42» ብሎ ፈልጓል። ክሊክ ሲያደርግ የሚያገኘው የድርጅቱ ታሪክ፣ የሥራ አስኪያጁ መልእክትና የሚንሸራተት ፎቶ ነው። ጫማው የት እንዳለ መፈለግ የእሱ የቤት ሥራ ሆነ። አይፈልግም። ተመልሶ ቀጣዩን ይነካል።

ይህ ሽያጩን ብቻ ሳይሆን የክሊኩንም ዋጋ ይነካል። ነገሩ ትንሽ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ የተባለው የፍለጋ ድርጅት የሰርች ማስታወቂያን በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ሕጉ ቀላል ነበር፤ ብዙ የከፈለ ከላይ ይወጣል። ጎግል አድወርድስን በ2000 ጀመረና በ2002 ሕጉን ቀየረው። ከዋጋው ጋር ሰው ማስታወቂያውን ምን ያህል እንደሚነካው መቁጠር ጀመረ። በ2018 ስሙ ጎግል አድስ ሆነ፤ ሐሳቡ ግን እንዳለ ነው። ዛሬ ለእያንዳንዱ ኪወርድ ከ1 እስከ 10 የሚሰጥ የጥራት ነጥብ አለ። ሦስት ነገር ይመዘናል፦ ማስታወቂያው ሊነካ የሚችልበት ዕድል፣ ከፍለጋው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ክሊክ ያደረገው ሰው የሚያርፍበት ገጽ። ከተፎካካሪያችሁ ያነሰ ዋጋ አቅርባችሁም ከላዩ መውጣት ይቻላል።

ገጹን በምትፈትኑበት ጊዜ ቢሮ ባለው ፈጣን ዋይፋይ አትሞክሩት። ስልካችሁን አንሱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ከዚያ ክፈቱት። እስኪከፈት ካሰለቻችሁ ደንበኛውንም ያሰለቸዋል።

ስለራስ ብቻ ማውራት

«ጥራት መለያችን ነው»፣ «የረጅም ዓመት ልምድ»፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው»። ሁሉም ይህንኑ ስለሚል ማንም አያነበውም። ለአንድ ርእስ ያላችሁ ቦታ 30 ፊደል ነው፤ ለመግለጫው 90። እስከ 15 ርእስ ማስገባት ይቻላል፤ ጎግል እያቀያየረ ይሞክራቸዋል። ይህን ቦታ ሰውየው በጻፈው ቃልና በሚያሳስበው ነገር ሙሉት። ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው የሚያሳስበው የሥጋው መበላሸት ነው። «ዛሬውኑ ቤትዎ እንመጣለን» ቢባል ይሰማል። ግን እውነት ከሆነ ብቻ ጻፉት።

በክሊክ ዋጋ መደሰት

አንዱ ኪወርድ በክሊክ 5 ያስወጣል፤ ከ100 ሰው አንዱ ይገዛል። ሌላው 20 ያስወጣል፤ ከ10 ሰው አንዱ ይገዛል። ርካሹ ደንበኛ በ500 መጣ፣ ውዱ በ200። ከአንድ ሽያጭ የምታተርፉት 300 ከሆነ ደግሞ በርካሹ ክሊክ እየከሰራችሁ ነው። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ክሊክ ረከሰልኝ» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በሦስት ቀን መፍረድ

ሰኞ በጀት መጨመር፣ ረቡዕ መቀነስ፣ ዓርብ ቢዲንጉን መቀየር። አውቶማቲክ ቢዲንግ ለውጥ ሲደረግበት መማሪያ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ነገር ቀይራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የማይጠበቀው ሰርች ተርምስ ውስጥ የምታዩት ግልጽ ብክነት ብቻ ነው፤ እሱን ያኔውኑ ዝጉ።

ሰርች የማይሠራውን ሥራ መስጠት

ምርታችሁ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው አዲስ ነገር ከሆነ ማንም ጽፎ አይፈልገውም። እዚያ ላይ መጀመሪያ በቪዲዮ ማሳየቱ ይሻላል። ሌላው ደግሞ «ማስታወቂያ ስከፍል ያለ ክፍያ የሚወጣው ቦታዬም ይሻሻላል» የሚለው ነው። አይሻሻልም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «1ኛ ላይ እናወጣችኋለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» ብሎ ሥራ የሚጠይቃችሁ ካለ በትህትና ሸኙት።

አካውንቱንም በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱት። ባለሙያ ከቀጠራችሁ መግቢያ ፍቃድ ትሰጡታላችሁ። በእሱ ስም ከተከፈተ የተለያያችሁ ቀን የተመዘገበው መረጃ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ማስታወቂያ መውጣቱን ጎግል ላይ እየፈለጉ ማረጋገጥ

ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ስሙን ይፈልጋል። ያያል፣ ሳይነካ ያልፋል። ይህ በተደጋጋሚ ሲሆን የታየውና ያልተነካው ይበዛል፤ ያ ደግሞ ለጥራት ነጥቡ አይበጅም። ከነካው ደግሞ ሊከፍል ይችላል። ካላየው ይደነግጣል። ካለበት ቦታ፣ ከሰዓቱ ወይም ከበጀቱ የተነሳ ለእሱ ስላልወጣ ብቻ ለማንም አልወጣም ብሎ ይደመድማል።

አካውንቱ ውስጥ መሣሪያዎች በሚለው ስር አድ ፕሪቪው የሚባል አለ። ቦታና ቃል አስገብታችሁ፣ ማስታወቂያው እንደታየ ሳይቆጠር ታዩታላችሁ። ካልወጣም ምክንያቱን ይነግራችኋል። ያ የፍሪጅ ባለሙያ አንድ ቀን ገና እኩለ ቀን ሳይሆን «ማስታወቂያዬ ጠፋ!» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። እዚያው ከፍቼ አየሁት። የዕለቱ በጀት አልቋል ይላል። ሰርች ተርምስ ላይ ስሄድ ግማሹን የጨረሰው ማን መሰላችሁ? «ፍሪጅ ጥገና ኮርስ»። «ስልጠና»ን ብቻ ነበር የከለከልነው።