አይጥ የመኪናህን ሽቦ ከበላው

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ከምግብ ቤት ጀርባ ወይም ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ መኪና የሚያሳድር ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። በተለይ በክረምት፣ ሞቅ ያለ ሞተር ለአይጥ ምርጥ ማደሪያ ነው። የፊት ጥርሷ ማደጉን ስለማያቆም ሽቦም ይሁን ጎማ ያገኘችውን ትቆረጥማለች።

ጠዋት መኪናው አልነሳ ካለ ወይም ቤንዚን ከሸተተህ ደጋግመህ አትሞክር፣ እሳት ሊነሳ ይችላል። ኮፈኑን ክፈት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ከዚያ በስልክህ መብራት ሽቦዎቹን፣ የነዳጅና የውሃ ጎማዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትለህ እይ፤ የአየር ፊልትሮውን ሳጥንም ክፈተው፣ ጎጇቸውን እዚያ መሥራት ይወዳሉ። ካካቸውን በደረቁ እንዳትጠርግ! አቧራው በሽታ ሊያስይዝህ ይችላል። ጓንትና ማስክ አድርግ፣ በውሃ የተበጠበጠ በረኪና አርከፍክፍበት፣ ትንሽ ቆይተህ በሶፍት ልቀመው።

የተበላ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ብቻ አይታለፍም፣ ኤሌክትሪሺያን በደንብ ሶልደር ያድርገው። የነዳጅ ጎማ ግን አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ፈልግ።

መርዝ? እኔ አልወደውም። አይጧ የማትደርስበት ቦታ ገብታ ትሞትና ሽታው መኪናውን ያስጠላሃል፣ የሰፈሩም ድመት ይጎዳል። ወጥመድ ይሻላል፤ መኪናውንም ሳታንቀሳቅስ ብዙ ቀን አታቁመው።