አሥር ግዛቶችን በብስክሌት ማቋረጥ፦ ቀኑን በውሃና በሰዓት መለካት

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ለማቋረጥ ከሚመረጡት መንገዶች አንጋፋው፣ አገሪቱ 200ኛ የነፃነት በዓሏን ባከበረችበት በ1976 የተመረቀው የትራንስአሜሪካ መስመር ነው። ከኦሪገኗ አስቶሪያ ተነሥቶ በአይዳሆ፣ በሞንታና፣ በዋዮሚንግ፣ በኮሎራዶ፣ በካንሳስ፣ በሚዙሪ፣ በኢሊኖይና በኬንታኪ በኩል አልፎ ቨርጂኒያ ውስጥ ዮርክታውን ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀን 80 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ የእረፍት ቀናት ሳይቆጠሩ፣ 85 ቀን ይፈጃል። ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጁ ብዙዎች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ተራራው ነው። በእኔ እምነት ግን ጉዞውን የሚያቃናውም ሆነ የሚያሰናክለው የውሃና የሰዓት አያያዝ ነው።

ከምዕራብ የሚነሡ ከሆነ ከሰኔ አጋማሽ በፊት አይቸኩሉ፤ በኦሪገን የማኬንዚ የተራራ መተላለፊያ እስከዚያ ድረስ በበረዶ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ከምሥራቅ ለሚነሣ ሰው ግን ግንቦት ይሻለዋል።

ውሃን በሰዓት ማስላት የሚማሩት ዋዮሚንግ ላይ ነው። ከጄፍሪ ሲቲ እስከ ሮሊንስ ባለው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም መንገድ ላይ የሚያስጠልል ዛፍ የለም፤ በመካከሉ ማዲ ጋፕ ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ በቀር ውሃ የሚቀዳበት ቦታ አገኛለሁ ብሎ መተማመንም አይቻልም። ነፋስ በሌለበት ቀን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 60 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ይጨርሳል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ ግን ፍጥነቱ ወደ 10 ሊወርድና ያው መንገድ ስድስት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በሰዓት 0.8 ሊትር ቢጠጣ፣ 2.4 ሊትር ይበቃው የነበረው ሰው 4.8 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ካርታውን ሲያዩ የነገውን የነፋስ ትንበያም ይዩ፤ ውሃዎንም በክፉው ግምት ልክ ይያዙ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ መመዘኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ክብደቱን የምቀንሰው ከልብስ እንጂ ከውሃ አይደለም። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ አብሮ ስለሚበረታ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከእኩለ ቀን በፊት አብዛኛውን መንገድ መጨረስ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል።

የሸሚዝዎ አንገትጌ ደርቆ ነጭ ጨው ካወጣ፣ ባዶ ውሃ ብቻ መጠጣት ስለማይበቃና ሲበዛም በደም ውስጥ ያለውን ጨው ስለሚያሳንስ፣ ጨው ያለው ምግብ አብረው ይውሰዱ። እሳት የማይፈልገውና በውሃና በጨው ተበጥብጦ የሚጠጣው በሶ፣ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የተሠራ ይመስለኛል።

ሮሊንስ አካባቢ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ኢንተርስቴት 80 የተባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ዳር ላይ ይወጣል። ከፈነዱ የከባድ መኪና ጎማዎች የተበተኑ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ሽቦዎች የብስክሌቱን ጎማ የሚበሱት እዚህ ነው። ከመነዳሪውን ለጥፎ ወዲያው መመለስ ከንቱ ልፋት ነው፤ ሽቦው ጎማው ውስጥ ካለ ደግሞ ይበሳዋል። ቁራጭ ጥጥ ይዘው የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ ሽቦው አለ። ከዚያም እንደ እሾህ በወረንጦ ይንቀሉት። ወረንጦዋ ከማስቲሹና ከፓምፑ ጋር በአንድ ከረጢት ትቀመጥ።

ኮሎራዶ ውስጥ የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ 3,518 ሜትር ላይ ያለው ሁዚየር መተላለፊያ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚያዘወትር፣ ከቀትር በፊት ይሻገሩት። ሰሜን ላይ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሲያድሩ ደግሞ ምግብዎንና የጥርስ ሳሙናዎን ሳይቀር በድንኳን ውስጥ ሳይሆን ለድብ መከላከያ በተሠራው የብረት ሣጥን ያስቀምጡ።

በካንሳስ ያሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ብስክሌተኛ በሕዝብ መናፈሻቸው ድንኳን ተክሎ እንዲያድር ይፈቅዳሉ። ይህ ደግነት እንዲቀጥል አስቀድመው ፖሊስ ወይም ማዘጋጃ ቤት ደውለው ያሳውቁ፤ ሣሩ ሌሊት በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚጠጣም ይጠይቁ። ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ፣ ማለትም ከጎን ስለሚመጣ፣ የጭነት መኪና አጠገብዎ ሲያልፍ ለአፍታ ይቆምና ተመልሶ በኃይል ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ።

ከሚዙሪ ጀምሮ ውሃ እንደ ልብ ይገኛል። ዳገቱ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ የአፓላችያን ተራሮች ከሮኪ ተራሮች ይልቅ ጉልበት የሚፈትኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ከመነሣትዎ በፊት የብስክሌትዎ ዝቅተኛ ማርሽ በሙሉ ጭነት ዳገት እንደሚያወጣ ሰፈርዎ ውስጥ ይፈትኑት። በኬንታኪ ውሾች ከየግቢው እየሮጡ ሲመጡ ዳገት ላይ ማምለጥ ስለማይቻል፣ ይውረዱና ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል አድርገው በጠንካራ ድምፅ ይገሥጹት፤ የውሃ ኮዳዎን ፊቱ ላይ መርጨትም ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ጭጋግ ከወረደ ግን የኋላ መብራት ብቻውን አያድንምና፣ መንገዱ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ከአስፋልቱ ርቀው ይጠብቁ።