እንግሊዝ አገር የሬስቶራንትዎን ወይም የቢሮዎን ኤሲ በሕጉ መሠረት እንዴት ያስመረምራሉ?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሬስቶራንት፣ ጸጉር ቤት ወይም ቢሮ ከፍተው ኤሲ ያስገጠሙ ብዙ ወገኖች፣ ቴክኒሻን በየዓመቱ እየመጣ ፊልተር ስለሚያጥብላቸው ብቻ ከሕጉ የተገላገሉ ይመስላቸዋል። ሰርቪስ ሌላ፣ በሕግ የሚጠየቀው ምርመራ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣው የሕንፃዎች የኢነርጂ ደንብ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከ12 ኪሎዋት የሚበልጥ ኤሲ ቢበዛ በየ5 ዓመቱ ፈቃድ ባለው የኢነርጂ መርማሪ እንዲታይ ያዛል። ባለሙያዎቹ ምርመራውን «ቲኤም 44» ይሉታል። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም።

1. አቅሙን ይደምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 12 ኪሎዋት ሲባል የትልቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ማሽን ይታሰበዋል። ሕጉ ግን የሚያየው በአንድ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ሰው ቁጥጥር ሥር ያሉትን ኤሲዎች ድምር ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ ሌላው የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው የግድግዳ ኤሲ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ባለ 24,000ው ደግሞ 7 ገደማ። ስለዚህ አንድ መካከለኛ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት ባለ 24,000 ካሉ 14 ኪሎዋት ሆነ፣ ምርመራውም ግዴታ ነው። ባለ 12,000 ሦስት ቢሆኑ 10.5 ነውና አያስገድድም፤ አራተኛውን ሲጨምሩ ግን ወሰኑን አለፉ።

ቁጥሩን የሚያገኙት ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ወይም ከመመሪያ መጽሐፉ ነው። ሁለት ዓይነት ኪሎዋት ስለሚጻፍ ግን ይጠንቀቁ፦ አንዱ ማሽኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ ሌላው የሚሰጠው ቅዝቃዜ ነው። የሚደመረው የቅዝቃዜው ነው። በኤሌክትሪኩ የቆጠረ ሰው፣ ከትክክለኛው በብዙ ያነሰ ቁጥር ይዞ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይቀመጣል። ምግብ ለማቆየት ብቻ የሚሠሩት የወጥ ቤት ፍሪጅና የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል አይቆጠሩም።

2. ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይለዩ

ሕጉ የሚይዘው የኤሲውን ቴክኒካዊ አሠራር የሚቆጣጠረውን ሰው ነው። የእርስዎ ሥልጣን ሙቀቱን፣ የሚበራበትን ሰዓትና የአየሩን ኃይል ማስተካከል ብቻ ከሆነ ተቆጣጣሪ አይባሉም። ብዙ ተከራይ ያለበት ሕንፃ ውስጥ የጋራ ኤሲ ከሆነ፣ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። ራስዎ አስገጥመው ራስዎ የሚያስጠግኑት ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ይመጣል። የኪራይ ውሉን ያንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ አከራዩን በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንዎትም።

ንግዱን ከሌላ ሰው የተረከቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀነ ገደብ አለ፦ የቀድሞው ሰው የምርመራ ሪፖርት ካልሰጠዎት፣ ኤሲውን በተረከቡ በ3 ወር ውስጥ ማስመርመር ይኖርብዎታል።

3. መዝገቡን ይፈትሹ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የመንግሥትን የኢነርጂ ሰርተፊኬት መዝገብ ድረ ገጽ ከፍተው የቤቱን ፖስትኮድ ያስገቡ። ነፃ ነው። ጊዜው ያላለፈበት የኤሲ ሪፖርት ከተገኘ እስከሚያበቃበት ቀን አያስቸኩልዎትም። ለንግድ ቤቱ የተሰጠውን የኢነርጂ ሰርተፊኬት ግን ከዚህ ጋር አያምታቱት፤ ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ከፈረንጆቹ 2008 መግቢያ ወዲህ ሥራ የጀመረ ኤሲ የመጀመሪያ ምርመራው ሥራ በጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት፤ ቀኑን ለማወቅ የገጠመልዎትን ሰው ደረሰኝ ይፈልጉ።

4. መርማሪውን ይምረጡ

መርማሪዎቹ በሁለት ደረጃ ይመደባሉ። ለቀላል የግድግዳና የጣሪያ ኤሲዎች ደረጃ 3 ይበቃል፤ ለትልልቅ ማዕከላዊ ሲስተሞች ደረጃ 4 ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሁለት የግድግዳ ኤሲ የደረጃ 4 ዋጋ አይክፈሉ። ከሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ይጠይቁ። በእኔ እምነት፣ አዲስ ማሽን የሚሸጥ ሰው መርማሪም ሆኖ ሲመጣ «ይህ ይቀየር» የሚለውን ምክር በጥርጣሬ መስማት ይሻላል።

5. ወረቀትና መሰላል ያዘጋጁ

የማሽኖቹን ዝርዝር (ሞዴል፣ አቅም፣ የተገጠመበት ዓመት፣ ያለበት ቦታ)፣ የሰርቪስ ደረሰኞችንና የቀድሞውን ሪፖርት በአንድ ፋይል ይሰብስቡ። የጣሪያውን ቁልፍ የያዘው ሰው በዕለቱ እንዲገኝ ያድርጉ፤ መርማሪው ውጭ ያለውን ማሽን ማየት ካልቻለ ምርመራው ጎዶሎ ይሆናል።

ከፋይሉ ውስጥ የጋዝ (ኤሲው ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘው) ፍሳሽ ፍተሻ መዝገብም ቢኖር ጥሩ ነው። እሱ በሌላ ሕግ የሚጠየቅ ነው፦ ለምሳሌ አር 410ኤ ጋዝ 2.4 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የያዘ የተለመደ ማሽን ቢያንስ በዓመት አንዴ ይፈተሻል። አር 22 የሚባለው አሮጌ ጋዝ ካለብዎት ደግሞ ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ መሙላት ተከልክሏል፤ ያ ማሽን አንድ ቀን ቢያፈስ መጨረሻው ነው።

6. የምርመራው ቀን

መርማሪው ማሽን ፈትቶ አይጠግንም። የሚያየው ኤሲው ለክፍሉ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ እንደሆነ፣ ፊልተሩ ንጹሕ መሆኑን፣ የውጭው ማሽን አየር የሚያገኝ እንደሆነ፣ ሰዓቱና ሙቀቱ በትክክል የተሞሉ መሆናቸውን ነው። ማሞቂያውና ኤሲው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ እየሠሩ ሲታገሉ የሚገኙበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ ይህን ማስተካከል ምንም አያስወጣም፣ የመብራቱን ሂሳብ ግን ይቀንሳል።

7. ሪፖርቱን ይያዙ

ሪፖርቱ መንግሥታዊው መዝገብ ላይ ካልገባ በሕግ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መግባቱን በፖስትኮድ ራስዎ ያረጋግጡ። ውስጡ ያሉት ምክሮች ግዴታ አይደሉም። የካውንስሉ ትሬዲንግ ስታንዳርድስ (የንግድ ሕግ መከበሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሪፖርቱን ከጠየቀ ግን በ7 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለብዎት። ሪፖርት አለመኖሩ 300 ፓውንድ፣ ሲጠየቁ አለማቅረብ 200 ፓውንድ ያስቀጣል፤ ቅጣቱን መክፈልም ከምርመራው ነፃ አያወጣም። ንግዱን ሲሸጡ ወይም ቤቱን ሲለቁ ሪፖርቱን ለተረካቢው ያስረክቡ፤ የገዢው ጠበቃም ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅዎት ይችላል።