ዘይት ለሚያፈስ አሮጌ መኪና ሲሊኮን ከመግዛታችሁ በፊት

መኪናው ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ሰው ሮጦ ሲሊኮን፣ ማለትም በቱቦ የሚሸጠውን መገጣጠሚያ መድፈኛ ማጣበቂያ፣ ይገዛል። ቆይ እንጂ፣ ከየት እንደሚያፈስ መች ታወቀ? ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ስትነዱ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የታችኛው የዘይት ቋት ረጥቦ አይታችሁ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ከላይ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት (በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ሞተሩን እጠቡ፣ አድርቁ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና አስነስታችሁ ጠብቁ። ምንጩ ያለው እርጥበቱ ከላይ በሚጀምርበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ። አንድ ጎረቤቴ የአሮጌ ኮሮላውን የዘይት ቋት አውርዶ ሲገጥም ቱቦውን ሙሉ ጨመቀበት። ከውጭ ሲታይ ደረቅ ሆነለት፤ ደስ አለው። ብዙም ሳይቆይ የዘይት መብራቱ ቦግ አለ። ቋቱን ስናወርደው የዘይት መምጠጫው ወንፊት በቀይ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። ወደ ውጭ የተረፈውን ያህል ወደ ውስጥም እንደሚገባ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም! ሲሊኮን በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ብዙ ቶዮታዎች ቋታቸው ከፋብሪካ ሲወጣም የተገጠመው በሲሊኮን ነው። ግን ፊቱ ተፍቆ፣ ከዘይት ጠርቶ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የምትሆን ቀጭን መስመር ከቡሎኖቹ ቀዳዳ በውስጥ በኩል ይበቃዋል። ሳይደርቅ ዘይት አትሙሉ።

የቫልቭ ክዳን ቡሎን ጉልበት አይፈልግም። ብዙዎቹ ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው የሚጠብቁት። «ትንሽ ልጨምርለት» ስትሉ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል፤ ያኔ የጋስኬት ዋጋ ያስቆጨው ሰው ቴስታታ (ክዳኑ የሚታሰርበትን የሞተሩን ራስ) ይዞ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

የዘይት ፊልትሮ ስትቀይሩ የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ እዩ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ በዚህ አልከራከርም።

ጋስኬት ቀይራችሁ እንደገና ካፈሰሰ፣ ዕቃ የሸጠላችሁን ሰው ከመራገማችሁ በፊት ፒሲቪ ቫልቭ የሚባለውን የሞተሩን መተንፈሻ ነቅላችሁ ነቅንቁት። ካልተንኳኳ ቀይሩት። እሱ ከተደፈነ የታመቀው ግፊት አዲሱንም ጋስኬት ያሸንፋል።

ሞተርና ካምቢዮ በሚገናኙበት ቦታ የሚንጠባጠበው ግን፣ ከላይ የወረደ አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ የኋላው ኦይል ሲል (በሞተሩ ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ሊሆን ይችላል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ለጋራዥ ተዉት። እስከዚያው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መለኪያውን እያወጣችሁ የዘይቱን ልክ እዩ።