በበጋ መጨረሻ የሚዘሩ አትክልቶችን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በበጋ መጨረሻ የሚዘራ ሰላጣ በጸደይ ከተዘራው ሰላጣ ጋር ከአንድ ከረጢት የወጣ ዘር ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቀው ዕጣ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጸደዩ ዘር በብርድ ጀምሮ ወደ ሙቀት፣ ከአጭር ቀን ወደ ረጅም ቀን ይጓዛል፤ የበጋው መጨረሻ ዘር ግን በሙቀት ይጀምርና ወደ ብርድና ወደ አጭር ቀን ይወርዳል። በጸደይ አንድ ሳምንት የዘገየ አትክልተኛ ሙቀቱ እያገዘው ከቀደሙት ጋር ሊደርስ ሲችል፣ በበጋ መጨረሻ የባከነች ሳምንት አትመለስም። ከዚህ በታች ከሚነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ከመዘንጋት ነው። (እዚህ በጋ የሚባለው ቀኑ ረጅምና ሞቃት የሆነበት ወቅት ሲሆን፣ ክረምት የሚባለው ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት ሳይሆን ውርጭ የሚወርድበት ወቅት ነው፤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የበጋው መጨረሻ በነሐሴ አካባቢ፣ በስተ ደቡብ ደግሞ በየካቲት አካባቢ ይውላል።)

ከሚዘራበት ቀን ተነሥቶ ወደ ፊት መቁጠር

በዘር ማሸጊያ ላይ «በ60 ቀን ይደርሳል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ከዛሬ ጀምሮ 60 ቀን ቆጥሮ ልቡን ያሳርፋል። ትክክለኛው አቆጣጠር ግን በአካባቢው የመጀመሪያው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄደው ነው። በዚያ ላይ ማሸጊያው የሚነግረን ቁጥር ቀኑ ረጅም፣ ሙቀቱም የተመቸ ሲሆን የሚሠራ ነው፤ ቀኑ እያጠረና አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዕድገት ስለሚጓተት ሁለት ሳምንት ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ጥቅል ጎመንን፣ አበባ ጎመንንና ብሮኮሊን የመሳሰሉ በችግኝ የሚተከሉ አትክልቶች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቁጥር የሚጀምረው ዘሩ ከተዘራበት ሳይሆን ችግኙ ከተተከለበት ቀን ስለሆነ፣ ችግኙ ከመተከሉ በፊት በማፍያ መደብ ላይ የሚቆይበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት በተጨማሪ መታሰብ ይኖርበታል።

ስሌቱ ምን ያህል ሊያስገርም እንደሚችል በምሳሌ ማየት ይቻላል። ውርጩ ከ80 ቀን በኋላ ይጠበቃል እንበል፤ ከፊታችን በ55 ቀን የሚደርስ ፎሶሊያና በ70 ቀን የሚደርስ ካሮት አሉ። ለዓይን ፎሶሊያው የሚያዋጣ ይመስላል፤ ነገር ግን 14 ቀን ሲጨመርበት የመጀመሪያው እሸት የሚለቀመው በ69ኛው ቀን ስለሆነና ፎሶሊያ በአንድ ቀን ተለቅሞ የሚያልቅ ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚለቀም ስለሆነ፣ ውርጩ ምርቱን እኩሌታው ላይ ይቆርጠዋል። ካሮቱ በአንጻሩ 84 ቀን ይፈልጋል፤ ከውርጩ በአራት ቀን ቢዘገይም ቀላል ውርጭ አይገድለውምና በሰላም ይነቀላል። ስለዚህ በጥቂት ቀናት የሚደርሰው ሁሉ የተሻለ ምርጫ አይደለም።

ከስሌቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ገደብ መያዝ ይገባል። የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ የአብዛኞቹ አትክልቶች ዕድገት የቆመ ያህል ይሆናል። ከዚያ በፊት ለመብሰል የተቃረበ ተክል መደቡ ላይ እንደ ጎተራ ተቀምጦ ሲፈለግ ይቆረጣል፤ ገና ችግኝ የሆነው ግን ክረምቱን ሙሉ ችግኝ እንደሆነ ይከርማል።

ብርድ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ አለማወቅ

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ዱባ፣ ፎሶሊያና በሶብላ ውርጭ በነካቸው ሌሊት ያበቃላቸዋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ቀላሉን ውርጭ ይችላሉ። ስፒናች፣ ቅጠሉ የሚበላው ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ግን ጠንከር ያለውንም ይቋቋማሉ፤ እንዲያውም ጎመንና ካሮት ብርድ ሲሰማቸው ያከማቹትን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጡ ከውርጭ በኋላ ጣዕማቸው ይጨምራል። ስለዚህ በበጋ መጨረሻ ዘር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያዎቹን ከዝርዝሩ ማውጣት ይኖርበታል። «ዘንድሮ ውርጩ ሊዘገይ ይችላል» ብሎ ዝኩኒ የሚዘራ ሰው አልፎ አልፎ ሊቀናው ይችላል፤ እኔ ግን መሬት ለዕድል ባይሰጥ እመርጣለሁ።

የአፈሩን ሙቀት መርሳት

ስለ መጪው ብርድ ብቻ የሚያስብ ሰው ዘሩ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ሙቀትን መሆኑን ይዘነጋል። የሰላጣ ዘር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ አፈር ውስጥ በጥቂት ቀናት ብቅ ይላል፤ አፈሩ ከ27 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች ከመብቀል ይታቀባሉ። ስፒናችም ከዚህ የራቀ ጠባይ የለውም። አንድ ዓመት እኔው ራሴ ሁለት መደብ ሰላጣ በቀትር ዘርቼ፣ በየቀኑ ውኃ እያጠጣሁ ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ በመጨረሻ ዘሩ አርጅቷል ብዬ የቀረውን ጣልኩት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል መደቡ ላይ እዚህም እዚያም የበቀለው ሰላጣ ዘሩ ጤነኛ እንደነበረ አሳየኝ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዘሩ ውኃ በጠጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለሙቀት ይበልጥ ስሱ ስለሆነ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘርቶ ማጠጣት የመጀመሪያውን ሌሊት በቅዝቃዜ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። ችግኙን በጥላ ሥር በሳጥን አፍልቶ ማዛወርም ይቻላል። ካሮት ግን መዛወርን ስለማይወድ በቦታው መዘራት አለበት፤ ለመብቀልም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅና በዚያ ሁሉ ጊዜ የአፈሩ ገጽ መድረቅ ስለሌለበት፣ መስመሩን በእርጥብ ጆንያ ወይም በጣውላ ሸፍኖ በየቀኑ እያነሡ ማየትና የመጀመሪያው ቡቃያ በታየበት ቀን ማንሣት ይገባል። አንድ ቀን የዘገየ ሰው የሚያገኘው ገርጥቶና ተጣሞ የወጣ ቡቃያ ነው።

የአትክልቱን ስም አይቶ ዝርያውን አለማየት

«ጥቅል ጎመን» የሚል ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። በሁለት ወር ተኩል የሚጠቀለል አለ፤ አምስት ወር የሚፈልግ አለ፤ በበጋ መጨረሻ ተዘርቶ ክረምቱን በችግኝነት አሳልፎ በቀጣዩ ጸደይ የሚቆረጥም አለ። ለጸደይ ምርት የታሰበውን ዝርያ በዚህ ክረምት ልብላ ብሎ የዘራ ሰው ጥፋቱ በዘሩ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሽንኩርት ነው። ክረምቱን የሚያሳልፍ ሽንኩርት ለዚሁ የተዘጋጀ ዝርያ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚዘራበት ጊዜም መመጠን አለበት። ዘግይቶ ተዘርቶ የቀጨጨው ችግኝ ብርዱን አይችልም። ቀድሞ ተዘርቶ ከእርሳስ በላይ የወፈረው ደግሞ ብርዱን እንደ አንድ ሙሉ ክረምት ይቆጥረውና በጸደይ ራስ ከመቋጠር ይልቅ አገዳ አውጥቶ ያብባል። አትክልተኛው ቀድሞ በመዝራት የሚቀጣበት ይህን የመሰለ ሰብል ጥቂት ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት

ሰላጣን፣ ራዲሽንና ስፒናችን በየ10 ቀኑ ከፋፍሎ መዝራት የተለመደ ምክር ነው። በበጋ መጨረሻ ግን ልዩነቱን ወደ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም ወደ አምስት ቀን ማጥበብ ይበጃል፤ ቀኑ ሲያጥር ዕድገት ስለሚዘገይ፣ ሲዘሩ በጥቂት ቀን የተለያዩ መስመሮች ሲደርሱ በሳምንታት ይራራቃሉ።

ባዶ የተገኘ መደብ ላይ ሁሉ መዝራት

በዚህ ወቅት ከሚዘሩት አትክልቶች ብዙዎቹ የጎመን ዘመዶች ናቸው፤ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ራዲሽ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጎመን በተነሣበት መደብ ላይ ወዲያው ራዲሽ መዝራት በአፈሩ ውስጥ የቀረውን የሥር በሽታ መቀለብ ነው። አተር ወይም ቀድሞ የደረሰ ድንች የለቀቀው መሬት ይሻላል። የጎመን ቢራቢሮና ክሽክሽም በዚህ ጊዜ ስለሚበረቱ፣ መረብ የሚዘረጋው ቅጠሉ ከተበሳሳ በኋላ ሳይሆን በተተከለበት ቀን ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ደግሞ ቅጠሉን ቢያለመልመውም ስለሚያለሰልሰው ለውርጭ አሳልፎ ይሰጠዋል።

መተኪያ ዘር ሳይዙ መጀመር

በጸደይ ያልበቀለ መስመር እንደገና ይዘራል፤ በበጋ መጨረሻ ግን ሦስት ሳምንት ጠብቆ ባዶ የቀረ የካሮት መስመር ላይ ካሮት መልሶ መዝራት ጊዜው ካለፈ ወዲያ ነው። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ እምብዛም ስለማይቆይ አዲስ መግዛት፣ የጎመን ዘር ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመት ያህል ስለሚቆይ ያለውን መጠቀም ይቻላል። ከዚህ ጋር አንድ ከረጢት የስፒናችና አንድ ከረጢት የራዲሽ ዘር በእጅ መኖር አለበት፤ ካሮቱ በቀረበት መስመር ላይ ውርጩ 60 ቀን ከቀረው ስፒናቹ፣ 45 ቀን ብቻ ከቀረው ደግሞ በ30 ቀን ገደማ የሚደርሰው ራዲሽ ይገባበታል።