ሞዱ አልሠራ ሲል፦ ጥፋቱ የሞዱ ነው ወይስ ጌሙ የተገዛበት መደብር?

ጌም ላይ ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ፣ በሌሎች ሰዎች የተሠራ ተጨማሪ ፋይል) መጫን የሚወድ ሰው እንደ ስቲም ወይም ጎግ ያለ የኢንተርኔት የጌም መደብር ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ አይቶ ነው የሚወስነው። ቅናሽ ካገኘበት ይገዛል፣ ሞዱን ያወርዳል፣ ጌሙ አልነሳ ሲለው ደግሞ ወቀሳው በሞዱ ደራሲ ላይ ይወርዳል። ሞዶችን ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ላልበደሉት ሲወቀሱ ማየት ያሳዝነኛል። ከብልሽቶቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ከመደብሩ ነው። መደብሩ ጌሙን ሸጦ አይለይዎትም፤ የትኛው ስሪት ኮምፒውተርዎ ላይ እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚቀየር፣ ፋይሎቹንም መንካት ይችሉ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ምስል፣ ድምፅ ወይም የገጸ ባሕርይ ልብስ ብቻ የሚተኩ ሞዶች ፋይሎቹ እስከተገኙ ድረስ በየትኛውም መደብር ስሪት ላይ ይሠራሉ ማለት ይቻላል። አስቸጋሪዎቹ የጌሙ ማስነሻ ፋይል ውስጥ ገብተው ኮድ የሚለውጡት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር የሚመለከተው እነዚህን ነው።

ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አይነሳም

ምንም ነገር ሳይነኩ አደሩ። ጠዋት ጌሙን ሲከፍቱ ጥቁር ስክሪን ያሳይና ይዘጋል፤ አለዚያም ዋናው ገጽ ላይ ሳይደርስ ወደ ዴስክቶፕ ይመልስዎታል።

ምክንያቱ መደብሩ እርስዎ ሳያውቁ ጌሙን ማዘመኑ ነው። ስካይሪም የተባለውን ጌም እንውሰድ። ስክሪፕት ኤክስቴንደር የሚባለው መሣሪያ በጌሙ ማስነሻ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ተግባር የተቀመጠበትን አድራሻ በቁጥር ይዟል፤ በዚያ አድራሻ ሄዶ የራሱን ኮድ ያስገባል። ፋይሉ እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ ሲወጣ አድራሻዎቹ ይዛወራሉ። የቤት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ሌሊት የተቀየሩበት ሰፈር የገባ ፖስተኛ ምን ይሆናል? መሣሪያውም የሚደርስበት እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2021 የአኒቨርሰሪ ዝማኔ ሲወጣ ስካይሪም ከ1.5.97 ወደ 1.6 ተሻገረ፤ በመሣሪያው ላይ የቆሙ ሞዶችም በጅምላ ሥራ አቆሙ። ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ደግሞ ፎልአውት 4 ላይ ይኸው ተደገመ። ለዓመታት 1.10.163 ላይ ረግቶ የነበረው ጌም ተለወጠና ሰው ለረጅም ጊዜ አስተካክሎ ያቆመው የሞድ ስብስብ በአንድ ቀን ፈረሰ።

ጥገናው የሚጀምረው ያለዎትን ስሪት ከማወቅ ነው። የማስነሻ ፋይሉን በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ባሕርያቱን ይክፈቱ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የምርቱ ስሪት በቁጥር ተጽፏል። ያንን ቁጥር የስክሪፕት ኤክስቴንደሩ ማውረጃ ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ለአዲሱ ስሪት የሚሆን መሣሪያ ወጥቶ ከሆነ እሱን ያውርዱ፣ አድሬስ ላይብረሪ የሚባለውን የአድራሻ ዝርዝር አብረው ያድሱ፣ ቀጥሎም በመሣሪያው ላይ የተደገፉትን ሞዶች አንድ በአንድ ያዘምኑ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መልሶ መጫን ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጌሙ እንደገና ሲወድቅ የትኛው ሞድ እንደጣለው ማወቅ አይቻልም።

የሚተማመኑበት ሞድ ገና ካልታደሰ ያለው መንገድ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ ነው። የመደብሮቹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስቲም ላይ በጌሙ ባሕርያት ውስጥ ቤታስ የሚል ክፍል አለ፤ አሳታሚው የድሮውን ስሪት እዚያ ትቶት ከሆነ መርጦ መጫን ነው። ዊቸር 3 በዲሴምበር 2022 ትልቁን ዝማኔ ሲያገኝ 1.32 በዚህ መንገድ ለሞድ ተጠቃሚዎች ቀርቶላቸዋል። አሳታሚው ካልተወው ግን በስቲም ኮንሶል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) በኩል ዳውንሎድ ዴፖ በሚባለው ትዕዛዝ የጌሙን፣ የዴፖውን (የፋይል ጥቅሉን) እና የስሪቱን መለያ ቁጥሮች አስገብቶ የድሮዎቹን ፋይሎች ማውረድ ያስፈልጋል። ይሠራል፤ ሆኖም ፋይሎቹ በሌላ ፎልደር ስለሚወርዱ በእጅ ገልብጦ መተካት የእርስዎ ሥራ ይሆናል። በጎግ ጋላክሲ ደግሞ ወደ ጌሙ የመጫኛ ቅንብር ገብቶ ራስ ሰር ዝማኔን ማጥፋትና ከቀደሙት ስሪቶች አንዱን ከዝርዝር መምረጥ ይቻላል። ጎግ ከዚህ በተጨማሪ ያለ ምንም መደብር ፕሮግራም የሚጫን ሙሉ መጫኛ ፋይል ይሰጣል። እሱን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ጌሙ በማን ውሳኔ እንደሚለወጥ አይጨነቅም። ማስቀመጥ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አዲስ ስሪት ሲወጣ ገጹ ላይ የሚቀርበው መጫኛ አዲሱ ስለሚሆን አሮጌውን ያላወረደ ሰው ከእዚያ መልሶ አገኘዋለሁ ማለት የለበትም።

ስቲም ለሚጠቀሙ መከላከያው እንዲህ ነው። በጌሙ የዝማኔ ቅንብር ውስጥ ስጀምረው ብቻ ይዘምን የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ ጌሙን በስቲም ቁልፍ ሳይሆን በስክሪፕት ኤክስቴንደሩ ማስነሻ ወይም በሞድ ማስተዳደሪያው በኩል ብቻ ይክፈቱ። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ስቲምአፕስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አፕማኒፌስት ብሎ የሚጀምር፣ የጌሙን መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ፋይል አለ፤ የስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን 489830 ነው። እሱን ለንባብ ብቻ ማድረግ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በኋላ ማዘመን ሲፈልጉ ግን ወደ ነበረበት መመለሱን እንዳይረሱ።

ጌሙ አዲስ ነው፣ መሣሪያው ግን አልቀበልም ይላል

ሁሉንም በመመሪያው መሠረት ጫኑ፤ ስክሪፕት ኤክስቴንደሩ ይህን ስሪት አላውቀውም የሚል መልእክት አሳይቶ ያቆማል።

ተመሳሳይ ስም ያለው ጌም በየመደብሩ አንድ ዓይነት ፋይል ነው ማለት አይደለም። የስቲሙ ስካይሪም 1.6.1170 ሲሆን የጎጉ 1.6.1179 ነው፤ ለሁለቱም የተለያየ የስክሪፕት ኤክስቴንደር እትም አለ። የጎጉን ገዝቶ የስቲሙን መሣሪያ ያወረደ ሰው ይህን መልእክት ማየቱ አይቀርም፤ መፍትሄውም ትክክለኛውን እትም ማውረድ ብቻ ነው። የኤፒክ ጌምስ ስቶርና የማይክሮሶፍት ስቶር ስሪቶችን ግን የመሣሪያው አዘጋጆች አይደግፉም። በእነዚህ ላይ ሰዓታት ማባከን አያስፈልግም፤ የጊዜ ገደቡ ካላለፈ ገንዘቡን አስመልሶ ሌላ ቦታ መግዛት ይሻላል።

በ2024 ጁላይ የወጣው ግዙፉ ሞድ ፎልአውት፦ ለንደን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የተሠራው በአሮጌው የፎልአውት 4 ስሪት ላይ ስለነበር የስቲም ተጠቃሚዎች በመጀመሪያ ጌሙን ወደ ኋላ እንዲመልሱ ተገደዱ። ለጎግ ደንበኞች አጫጫኑ ቀላል ሆኖ ተዘጋጀላቸው፤ የኤፒኩ ስሪት ደግሞ ሞዱ ሲወጣ ከተደገፉት ውስጥ አልነበረም። ሦስቱም ደንበኞች የከፈሉት ለአንድ ጌም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ሰውን ብዙ የሚያደክም ትንሽ ነገር አለ። የስካይሪምን የቅንብር ፋይል አርመው ምንም ለውጥ ካላዩ የነኩት ፎልደር የማን እንደሆነ ይፈትሹ። በሰነዶችዎ ውስጥ ማይ ጌምስ በሚለው ፎልደር ሥር የጎጉ ስሪት የሚያነበው በስሙ መጨረሻ ላይ ጎግ የሚል ቃል የተጨመረበትን ነው። አብዛኞቹ መመሪያዎች የተጻፉት ለስቲም ስለሆነ የሚጠቅሱት ሌላውን ነው።

ሞዱን አየሁት፣ ማውረጃውን ግን አላገኘሁትም

ሞዱ ስቲም ዎርክሾፕ በሚባለው የስቲም የሞድ ማከማቻ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ይህ ያጋጥማል። ዎርክሾፕ በአንድ ቁልፍ የሚጭን፣ ራሱ የሚያዘምን ምቹ ነገር ነው፤ በሩ ግን በአመዛኙ የሚከፈተው ጌሙን ስቲም ላይ ለገዛ ሰው ነው። ሲቲስ፦ ስካይላይንስ የመጀመሪያው ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሕንፃው፣ መንገዱ፣ የትራፊክ ማስተካከያው ያለው እዚያ ነው፤ ጌሙን ከሌላ መደብር ያገኘ ሰው ባዶ ከተማ ይዞ ይቀራል።

መጀመሪያ ደራሲው ሞዱን ኔክሰስ ሞድስ በሚባለው የሞድ ማከፋፈያ ድረ ገጽ ላይ ወይም በራሱ ገጽ አስቀምጦት እንደሆነ ይፈልጉ። ከሌለ ደራሲውን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ሞዶችን ያለ ፈቃድ ገልብጠው በሚያሰራጩ ገጾች ግን አይጠቀሙ፤ ፋይሉ ያረጀ ወይም የተበከለ ሊሆን ይችላል፣ የደራሲውም ድካም ይሰረቃል። የሚፈልጓቸው ሞዶች በሙሉ ዎርክሾፕ ላይ ከሆኑ ጌሙን ስቲም ላይ መግዛት ነው፤ ሌላ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አያዋጣም።

በመደብር የማይወሰኑ ጌሞችም አሉ። ባልደርስ ጌት 3 በሴፕቴምበር 2024 በሰባተኛው ዝማኔው የሞድ ማስተዳደሪያውን ከጌሙ ውስጥ አካቷል። የስታርዲው ቫሊ ሞዶች የሚነሱበት ስማፒ የሚባለው መሣሪያ በስቲም፣ በጎግና በጌም ፓስ (የማይክሮሶፍት የጌም ደንበኝነት) ስሪቶች ላይ ይሠራል። የሳይበርፐንክ 2077 የሞድ መሣሪያ ሬድሞድም በስቲም፣ በጎግና በኤፒክ በነጻ የሚጨመር ነው። እዚህ ላይ ርካሹን መምረጥ ምንም ጉዳት የለውም።

ፎልደሩ አይከፈትም፣ ፋይል መገልበጥም አይቻልም

ጌሙ ከማይክሮሶፍት ስቶር ወይም ከጌም ፓስ ከመጣ ምክንያቱ ጥበቃው ነው። ዊንዶውስአፕስ የሚባለው ፎልደር ለተጠቃሚው ዝግ ነው። አዳዲሶቹ የኤክስቦክስ መተግበሪያ ስሪቶች ጌሞቹን ኤክስቦክስጌምስ በሚባል ክፍት ፎልደር ስለሚያስቀምጡ ምስልና ድምፅ የሚተኩ ሞዶችን መጫን ይቻላል። የማስነሻ ፋይሉ ግን እንደተቆለፈ ስለሚቆይ ኮድ የሚያስገባ ሞድ እዚያ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እንደ ስማፒ ያሉት የተለዩ ናቸው። የፎልደሩን ባለቤትነት በኃይል ስለመቀየር የሚያስተምሩ መመሪያዎችን አልመክርም፤ ጌሙ ከዚያ በኋላ መዘመንም መራገፍም እምቢ ሊል ይችላል። ጌም ፓስ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ጌሙ ከዝርዝሩ ሲወጣ የደከሙበት የሞድ ስብስብ ሥራ አጥ ሆኖ ይቀራል።

ስቲም ላይ ተመሳሳይ እምቢታ ካጋጠመዎት ጌሙ የተጫነው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ያንን ቦታ ስለሚጠብቅ ሞድ ማስተዳደሪያው መጻፍ ይከለከላል። በስቲም የማከማቻ ቅንብር ውስጥ በሌላ ድራይቭ ላይ አዲስ ላይብረሪ ከፍተው ጌሙን ወደዚያ ያዛውሩ።

ፈጣን መልስ የሚበቃቸው

በመደብሩ ፕሮግራም የጌሙን ፋይሎች ትክክለኛነት ካረጋገጡ በኋላ ሞዱ ከጠፋ፣ ማረጋገጡ የተለወጡትን የጌሙን ፋይሎች በኦሪጅናሎቹ ተክቷቸዋል። ሞዶችን በጌሙ ፎልደር ውስጥ በእጅ ከመበተን ሞድ ኦርጋናይዘር 2ን መጠቀም ይህን ያስቀራል፤ ሞዶቹን ለብቻቸው አስቀምጦ ጌሙ ሲነሳ ብቻ ያቀርብለታል።

ሞዱ ዲኤልሲ (ለጌሙ ለብቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ይዘት) የለም ካለና እርስዎ ገዝተው ከነበረ፣ ምናልባት የገዙት በሌላ መደብር ይሆናል። ጌሙና ዲኤልሲው ከአንድ መደብር መሆን አለባቸው።

መደብር ቀይረው የተቀመጠ ጨዋታዎ ካልታየ፣ አዲሱ ስሪት የሚያነበው ከሌላ ፎልደር ስለሆነ ነው። ከስቲም ወደ ጎግ ብዙ ጊዜ ገልብጦ ማዛወር ይበቃል፤ ጌም ፓስ ግን በራሱ አቀማመጥ ስለሚያስቀምጥ መቀየሪያ መሣሪያ ይፈልጋል።

ገና ካልገዙ

መጀመሪያ ሞዱን ይምረጡ። ከሁሉም በላይ የሚፈልጉትን አንድ ሞድ ገጽ ከፍተው የሚያስፈልጉት ነገሮች የሚለውን ክፍል እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የትኛው ስሪት፣ የትኛው ዲኤልሲ፣ የትኛው መደብር እንደሚደገፍ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጽፏል። ሞዱ ዎርክሾፕ ላይ ብቻ ከሆነ ስቲም ይግዙ። ኮድ የሚያስገባ ሞድ ሆኖ የጎግ እትም ካለው እኔ ጎግን እመርጣለሁ፤ ስሪቱን የሚይዘው ባለቤቱ ስለሆነ። የጎግ ድክመት አንዳንድ አሳታሚዎች ዝማኔ የሚያደርሱለት ዘግይተው መሆኑ ነው፤ የረጋ ስሪት ለሚፈልግ የሞድ ተጠቃሚ ግን ይህ ያን ያህል አያስከፋም።

ከገዙ በኋላ ሳይዘገዩ ይፈትኑት። ስቲምና ኤፒክ ገንዘብ የሚመልሱት በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተ ነው፤ ጎግ እስከ 30 ቀን ይፈቅዳል። ስካይሪም ከሆነ ጌሙን ያለ ሞድ አንድ ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፣ የቅንብር ፋይሎቹ የሚፈጠሩት ያኔ ነውና። ቀጥሎ ስክሪፕት ኤክስቴንደሩን ብቻ ይጫኑ፣ በእሱ ማስነሻ ይክፈቱት፣ የጌሙን ኮንሶል ከፍተው ጌትኤስኬኤስኢቨርሽን የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ያስገቡ። የስሪት ቁጥር ከመለሰ የተቀሩትን ሞዶች መጫን ይጀምሩ። ትዕዛዙን አላውቀውም ካለ መሣሪያው አልተነሳም ማለት ነው፤ እትሙ ከጌሙ ስሪት ጋር መግጠሙን ይፈትሹ፣ መደብሩ የማይደገፍ ሆኖ ከተገኘም ሁለቱ ሰዓት ሳይሞላ ገንዘብዎን እንዲመልስ ይጠይቁት።