መሬት የሚያነሳና የሚያሰምጥ መሣሪያ በዩኒቲ እንዴት ይሠራል? ሜዳችን ቸርችል ጎዳና

ከማዘጋጃ ቤት ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ያየ ሰው ቦታው ለተኩስ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚመች ይገባዋል። ከላይ ያለው ያያል፤ ከታች ያለው ይታያል። ከታች ያለው ግን መሬቱን ከፊቱ ማስነሳት ቢችል ነገሩ ይለወጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ዴይ ዋን ስቱዲዮስ ሠርቶ ሉካስአርትስ ያሳተመው ፍራክቸር የተባለው ጨዋታ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ወታደሩ አፈሩን በመሣሪያው ያነሳል፣ ያሰምጣል። እኛም ይህንኑ መሣሪያ ወደፊት በምናስባት አዲስ አበባ ላይ እንሥራ።

መጀመሪያ በጌም መሥሪያው ሶፍትዌር በዩኒቲ ውስጥ ቴሬይን (የመሬት ገጽ) ፍጠሩና ስፋቱን 256 በ256 ሜትር፣ ከፍታውን 64 ሜትር፣ የሃይትማፕ (የከፍታ ነጥቦች ሠንጠረዥ) ጥራቱን 513 አድርጉ። በዚህ ልክ በየግማሽ ሜትሩ አንድ የከፍታ ነጥብ ይኖራችኋል። ቁጥሮቹን መሬቱን ከመቅረጻችሁ በፊት ጨርሱ። ቀጥሎ በማዘጋጃ ቤት በኩል ያለውን ጫፍ 38 ሜትር፣ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ያለውን 26 ሜትር ላይ አስቀምጡና መካከሉን እኩል አዘቅዝቁት። ብዙ ጀማሪ መሬቱን ዜሮ ላይ ይተወውና ጉድጓድ አልቆፍር ሲለው ስህተቱን ስክሪፕቱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ከዜሮ በታች ቦታ የለም፤ ስለዚህ ነው ከመሃል የምንጀምረው።

ከዚያ ጨዋታው ሲነሳ የቴሬይኑን ዳታ ቅጂ የሚፈጥር ስክሪፕት ጻፉ። ይህን የዘለለ ሰው ጨዋታውን አቁሞ ሲመለስ መሬቱ እንደተቆፈረ ያገኘዋል፤ ለውጡ የሚጻፈው ዋናው ፋይል ላይ ነውና። ቅጂውን ለቴሬይኑ ብቻ ሳይሆን ለቴሬይን ኮላይደሩም (ግጭትን ለሚለየው ክፍል) ስጡ። ኮላይደሩ ከተረሳ ጉብታው ለዓይን ይታያል፣ ጥይት ግን ያልፈዋል፤ ተጫዋቹም በድሮው መሬት ላይ ይሄዳል።

ካሜራው ከተጫዋቹ ጀርባ 3 ሜትር፣ ወደ ቀኝ ትከሻ ግማሽ ሜትር ይሁን። ዒላማውን በሁለት ጨረር ፈልጉ። አንዱ ከካሜራው መሃል ተነስቶ የሚነካውን ነጥብ ያገኛል፤ ሁለተኛው ከመሣሪያው አፈሙዝ ወደዚያ ነጥብ ይሄዳል። በመጀመሪያው ብቻ ከተሠራ ተጫዋቹ ጉብታ ጀርባ ተከልሎ ጉብታውን አሳልፎ ይተኩሳል፤ ያ ደግሞ መከለያ የመሥራትን ትርጉም ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ዋናው። የአንድ ተኩስ ራዲየስ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ይሁን። ዩኒቲ ከፍታን ከ0 እስከ 1 ስለሚለካ 2ን ለ64 አካፍሉ፤ 0.03125 ይመጣል። ጨረሩ ከነካው ነጥብ ዙሪያ 17 በ17 ነጥቦችን ብቻ በጌትሃይትስ አንብቡ፣ ለውጡን ደምሩ (ለማስመጥ ቀንሱ)፣ በሴትሃይትስ መልሱ። 289 ነጥብ ነው፤ 513 በ513ን ሁሉ ከጻፋችሁ ግን ከ263 ሺህ በላይ ስለሚሆን በእያንዳንዱ ተኩስ ጨዋታው ይንተፋተፋል። ሌላው ወጥመድ የሠንጠረዡ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ዋይ፣ ከዚያ ኤክስ። ከተገላበጠ ክብ ጉብታ ሲሠራ አይታወቅም፤ ሞላላ ወይም ዘንበል ያለ ቅርጽ ስትሞክሩ ግን ዞሮ ይወጣል።

ጉብታው ጠርዙ ላይ እንዳይቆረጥ ነጥቡ ከመሃል ያለውን ርቀት ለራዲየሱ አካፍሉ፣ በፓይ አባዙ፣ ኮሳይኑ ላይ 1 ደምራችሁ ለ2 አካፍሉ፤ ውጤቱን በ0.03125 ስታባዙ የነጥቡ ለውጥ ይመጣል። ከራዲየሱ የራቀ ነጥብ ግን ለውጡ 0 ይሁን። ይህን ቅርጽ የምንመርጠው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። የ2 ሜትሩ ጉብታ እጅግ የሚያቀናው ቦታ 38 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የዩኒቲ ገጸ ባሕርይ መቆጣጠሪያ ደግሞ ሳይነካ እስከ 45 ዲግሪ ይወጣል። እዚያው ላይ ሁለተኛ ሲተኮስ ጉብታው 4 ሜትር ይሆንና ወደ 57 ዲግሪ ያቀናል፤ አይወጣም። አንድ ተኩስ መወጣጫ፣ ሁለት ተኩስ ግድግዳ። ተጫዋቹ ይህን በሁለት ደቂቃ ውስጥ በእጁ ይማረዋል፤ የጨዋታው ነፍስም እዚህ ላይ ነው። የመንገዱ ቁልቁለት ራሱ ከ3 ዲግሪ በታች ስለሆነ ስሌቱን አያፈርሰውም።

ጉብታው በአንድ ፍሬም (በአንድ የምስል ቅጽበት) ብድግ ካለ ከላዩ የቆመው ተጫዋች መሬት ውስጥ ይቀርና ወደ ታች ይወድቃል። ከፍታውን በ0.3 ሰከንድ ከፋፍላችሁ ስጡ፤ በየፍሬሙም ከእግሩ ሥር ያለውን አዲስ ከፍታ ለክታችሁ ተጫዋቹን መጀመሪያ አንሱት።

ሁሉም መሬት መታዘዝ የለበትም። አስፋልቱን ወደ አፈር የቀየረ ዘመን ብናስብ እንኳ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል የቆመበት የቴዎድሮስ አደባባይ መሃል አይነካ። በጥቁርና ነጭ ምስል የተከለከለውን ቦታ ቀቡና ለውጡን ከመደመራችሁ በፊት በዚያ አባዙት፤ ጥቁር 0፣ ነጭ 1።

በመጨረሻ ገደብ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ከፍታ ቅጂ ያዙና መሬቱ ከዚያ ከ4 ሜትር በላይ እንዳይነሳ፣ ከ2 ሜትር በታች እንዳይሰምጥ አድርጉ። ሁለቱን እኩል ለማድረግ አትቸኩሉ፤ 4 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ግድግዳው 57 ዲግሪ ስለሆነ የገባበት ተጫዋች መውጫ ያጣል።